«ተከፍሏል» ይላል ሲስተሙ፤ እማማ ግን አልተቀበሉም፦ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሲጠፋ በዲጂታል እንዴት ይመረመራል?

እስኪ አንድ ምሳሌ እንያዝ።

ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል። መሬታቸውን የሚያርስላቸው ሰው የለም። በየወሩ ከሴፍቲኔት የምትደርሳቸው ጥቂት ብር አለች፤ ጨውም፣ ዘይትም፣ የወፍጮ ዋጋም ከእሷ ነው።

ብሩ ሦስት ወር ቀረ። የልጅ ልጃቸው ወረዳ ድረስ ወርዶ ጠየቀ። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየና «ተከፍሏል እኮ!» አለው። ቀኑ አለ። ሰዓቱ አለ። የብሩ መጠን አለ። ልጁ ቤት ተመልሶ ለአያቱ ሲነግራቸው «ኧረ በእጄ አልገባም» አሉ።

አሁን ማን ይታመን? ሲስተሙ ወይስ እማማ?

ይህ ምሳሌ ነው፤ የአንድ የተወሰነ ሰው ወይም ቢሮ ታሪክ አይደለም። ግን ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ውስጥ አያት ያለው ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ዛሬ የምናየው እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሳ የምርመራ ቡድን የሚመራ ሰው ምን ያደርጋል? ምን ማድረግስ የለበትም? የሚለውን ነው። መጨረሻ ላይ እናንተ በስልካችሁ ምን ማድረግ እንደምትችሉ አለ፤ እስከዚያ አብራችሁን ቆዩ።

ብሩ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። በፌዴራል ደረጃ ሥራው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ የክልሉ ቢሮ፣ ከዚያም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይይዘዋል።

በገጠር ግን ብዙ አካል ጉዳተኛ የመንግሥትን ድጋፍ የሚያውቀው በአንድ ስም ነው፦ ሴፍቲኔት። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም ሲሆን ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የቆዩ ተጠቃሚ ወረዳዎች ናቸው። በፕሮግራሙ መሥራት የሚችል ሰው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ የሚከፈለው ለዓመቱ የተወሰኑ ወራት ነው። መሥራት የማይችል፣ ማለትም አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም የረጅም ጊዜ ሕመምተኛ ሆኖ ሠርቶ የሚያግዘው ሰው ቤቱ ውስጥ የሌለው፣ «ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ» ውስጥ ይገባና ዓመቱን ሙሉ ድጋፍ ያገኛል።

በዚህ አካባቢ ነገሩ ቀላል አይደለም። ደቡብ ጎንደር በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱ አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ በጊዜ ካልታከመ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ «ማየት የተሳናቸው ተጠቃሚ» ስንል ስለ አንድ ሁለት ሰው እያወራን አይደለም።

አሁን የብሩን መንገድ እንከተል፦

1. ቀበሌ፦ ማኅበረሰቡና ኮሚቴው ማን ይገባል የሚለውን ይለያሉ።
2. ወረዳ፦ ስሙ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የክፍያ ዝርዝር (ፔይሮል) ይዘጋጃል።
3. ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፦ ዝርዝሩ ጸድቆ ገንዘቡ ይለቀቃል።
4. ባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ፦ ብሩ በተጠቃሚው ሒሳብ ላይ ይገባል።
5. ወኪል፦ በስልክ የገባውን ብር ወደ ጥሬ ብር ይቀይራል።
6. የእማማ እጅ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከ1 እስከ 5 ያለውን ኮምፒውተሩ ወይም መዝገቡ ያውቃል። 6ኛውን ግን ማንም ሲስተም አያውቅም። «ተከፍሏል» የሚለው ቃል ትርጉሙ «5 ድረስ ደርሷል» ማለት ብቻ ነው። የምርመራው ጉዳይ በሙሉ ያለው በ5 እና በ6 መካከል ባለች በዚያች ትንሽ ክፍተት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ዲጂታል ፎረንሲክ ምንድን ነው?

ባጭሩ፦ ከኮምፒውተር፣ ከስልክ፣ ከሰርቨር ላይ የተደረገውን ነገር አሻራ ሳያበላሹ ማውጣት፣ መመርመር፣ ከዚያም ፍርድ ቤት በሚቀበለው መንገድ ማቅረብ።

አሻራ መኖሩን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የንግድ ባንኩን ሌሊት ታስታውሳላችሁ አይደል? ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች ሒሳባቸው ላይ ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ፣ ያለአግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነው አለ። ከዚያስ? ማን፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ስንት ብር፣ ወደ ማን ሒሳብ እንደላከ ሁሉም ተመዝግቦ ነበር። ብዙው ሰው መለሰ፤ ያልመለሱትን ባንኩ ስማቸውንና ፎቷቸውን ለጠፈ።

ይህ አሻራ «ሎግ» ይባላል። ሲስተሙ ራሱ የሚጽፈው የቀን ውሎ ማስታወሻ በሉት። ማን ገባ፣ በየትኛው የተጠቃሚ ስም፣ ምን ቀየረ፣ መቼ ወጣ። የወረዳውን ፔይሮል የሚቀይር ሰውም ዱካ ይተዋል፤ ሲስተሙ ሎግ እንዲይዝ ከተደረገና ሎጉ እስካልጠፋ ድረስ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ጥቆማ ደረሰ እንበል። የቡድን መሪው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ፊልም ላይ እንደምናየው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ መክፈት መጎርጎር አይደለም። ተቃራኒው ነው፤ «ማንም እንዳይነካው!» ይላል።

ምክንያቱም ኮምፒውተር መክፈት ብቻውን መረጃ ይቀይራል። አንድ ፋይል ከፍቶ ማየት «መጨረሻ የተከፈተበት» የሚለውን ሰዓት ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ የተዘጋ ኮምፒውተር አይከፈትም። የተከፈተ ኮምፒውተር ደግሞ ዝም ብሎ ከሶኬት አይነቀልም፤ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ጊዜያዊ መረጃ ውስጡ አለ። ስልክ ከሆነ ከኔትወርክ ይለያል፤ አለበለዚያ አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ሊያጸዳው ይችላል።

ቀጥሎ ኮፒ ይወሰዳል። ይህ ፍላሽ ሰክቶ ፋይል መጎተት አይደለም። ዋናው ዲስክ ላይ ምንም ነገር እንዳይጻፍ የሚከለክል መሣሪያ መሐል ላይ ገብቶ፣ የተሰረዘው ክፍል ሳይቀር ዲስኩ እንዳለ ይገለበጣል። ምርመራው የሚካሄደው በቅጂው ላይ ነው፤ ዋናው ታሽጎ ይቀመጣል።

ከዚያ ማኅተም ይመጣል። ማኅተሙ «ሃሽ» ይባላል። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ሙሉውን አስልቶ አንድ ረጅም ኮድ ያወጣለታል፤ ኤስኤችኤ-256 በሚባለው ስሌት ኮዱ 64 ቁጥርና ፊደል ነው። ፔይሮሉ ላይ 500 የነበረውን አንድ ዜሮ ጨምራችሁ 5000 ብታደርጉት ኮዱ በሙሉ ይቀየራል። ስለዚህ ከስድስት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ጠበቃው «ፋይሉን እናንተ ነካክታችሁታል» ቢል መልሱ ቀላል ነው፦ ሃሹ ያው ነው ወይስ አይደለም?

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው። አዎ፣ ወረቀት! ይህን ዲስክ ማን ተረከበ፣ ስንት ሰዓት፣ የት ቆለፈው፣ ለማን አስረከበ። ከነፋስ መውጫ ተነስቶ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚጓዝ ማስረጃ በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ አስቡት። አንዷ ርክክብ ካልተፈረመች ጥርጣሬ የሚገባው በእሷ ቀዳዳ ነው።

ማን ነው የመመርመር ሥልጣን ያለው?

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሥልጣኑን ለዐቃቤ ሕግና ለፖሊስ በጋራ ይሰጣል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኢንሳ፣ ሲጠየቅ የቴክኒክ ድጋፍ ይሰጣል። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው የአይቲ ባለሙያ ወይም የውስጥ ኦዲተር መረጃ መጠበቅና ማሳወቅ ይችላል፤ ግን የሠራተኛውን የግል ስልክ ቀምቶ መፈተሽ አይችልም። እንዲያ ያደረገ መሪ ማስረጃውንም ያበላሻል፣ ራሱም ተጠያቂ ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገር እዚሁ አዋጅ ውስጥ አለ፤ ለእናንተ ዋናው እሱ ነው። አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒውተር ትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ፣ እንዲያስቀምጡ የሚገደዱት ለ1 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ላይገኝ ይችላል። «ቆይ እስኪ የሚቀጥለው ወር ይመጣ ይሆናል» እያሉ ዓመት የጠበቁ እናት፣ አቤት ሲሉ አሻራው ጠፍቶ ሊጠብቃቸው ይችላል። ፍጥነት እዚህ ላይ ከእውቀት ይበልጣል።

የእኛ አገር ራስ ምታት፦ ሰዓት፣ ቀንና ስም

ከውጭ የመጣ የፎረንሲክ ሶፍትዌር ስማዳ ሲደርስ ግራ ይጋባል። ለምን እንደሆነ እናሳያችሁ።

ሰዓት። ሎጉ ላይ «02:40» የሚል አለ እንበል። ሲስተሙ በአገራችን የሰዓት ክልል በ24 ሰዓት አቆጣጠር የሚጽፍ ከሆነ ይህ ከሌሊቱ 8፡40 ነው። በዚህ ሰዓት ማን ብር ያወጣል? ያስጠረጥራል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት የሚጽፍ ከሆነ ግን 3 ሰዓት ይጨመርና ንጋት 11፡40 ይሆናል፤ ገበያ የሚሄድ ሰው ተነስቷል። ኮምፒውተሩን የሞላው ሰው ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስተካክሎት ከሆነ ደግሞ ከጠዋቱ 2፡40 ሊሆን ይችላል፤ ቢሮ በተከፈተ በ10 ደቂቃው። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ታሪክ። በአንዱ ሰውየው ሌባ ነው፣ በሌላው ሥራውን በሰዓቱ የጀመረ ሠራተኛ።

ቀን። ኤክሴል የእኛን ካላንደር አያውቅም። ጥቅምት 30ን «30/2/2016» ብላችሁ ብትጽፉለት የካቲት ወር፣ ማለትም የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር፣ 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናት፤ ጭራሽ የለችም። የባሰው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው፤ መጋቢት 5 ቀን 2016ን «5/7/2016» ስትሉት የፈረንጅ ሐምሌ 5 ቀን 2016 አድርጎ ይወስደዋል። ክፍያው ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው! ይህን የማያውቅ መርማሪ «ከዓመታት በፊት የተከፈለ ሐሰተኛ ክፍያ አገኘሁ» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

ስም። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት። ዓለሚቱና አለሚቱም እንደዚያው። ስለዚህ ሲስተሙ አንዷን እናት ሁለት ሰው አድርጎ ሊቆጥራት፣ ሁለት ጊዜ እንደተከፈላት ሊያስመስል ይችላል። በተቃራኒው አንድ ቀበሌ ውስጥ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች ሲኖሩ «ድግግሞሽ ነው» ተብሎ አንዱ ይሰረዛል። የተሰረዘው ሰው መንቀሳቀስ የማይችል ከሆነ ማን መጥቶ ይከራከርለታል?

ለዚህ ነው በቡድኑ ውስጥ የአካባቢውን ካላንደር፣ ፊደልና ልማድ የሚያውቅ ሰው መኖር ያለበት። ይህ የፖለቲካ ጥያቄ አይደለም፤ የማስረጃ ጥራት ጉዳይ ነው።

አንድ ዓይነት አሻራ፣ ሁለት ዓይነት ሰው

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። መርማሪው ሎጉን ሲያይ እንዲህ የሚል ነገር አገኘ እንበል፦ አሥር የአካል ጉዳተኞች ሒሳብ፣ አንድ ወኪል ጋ፣ በ12 ደቂቃ ውስጥ፣ ሁሉም ባዶ ተደረገ። አሥሩም ፒን ትክክል ነው።

ተያዘ! ትላላችሁ። ቆዩ።

አሥሩ ሰዎች ከከተማ ርቀው ይኖራሉ። አንዱ እግሩ አይሄድለትም፣ ሌላዋ አታይም። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ «አንተ ገበያ ስትወርድ አውጣልን» ብሎ አንዱን ጎረቤት ላከው። ፒናቸውን ነገሩት። እሱም ዓርብ ዕለት ወርዶ አሥሩንም በተራ አወጣና ማታ በየቤቱ አደለ። ሎጉ ላይ የሚታየው ይኸው ነው፦ አንድ ወኪል፣ 12 ደቂቃ፣ አሥር ሒሳብ።

ሌባው የሚተወው አሻራና ደጉ ጎረቤት የሚተወው አሻራ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው 6ኛው ደረጃ ላይ፣ በእማማ እጅ ውስጥ ነው። እሱን የሚያውቀው ሎጉ አይደለም፤ ቤት ለቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። ጥሩ የቡድን መሪ ኮምፒውተሩን የሚጠቀመው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ለማወቅ እንጂ ማንን ማሰር እንዳለበት ለመወሰን አይደለም።

ይህ ሥጋት የኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ፖስታ ቤቱ «ሆራይዘን» የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር ከ1999 ጀምሮ (በፈረንጆች) ይጠቀም ነበር። ሶፍትዌሩ ስህተት ሲሠራ ከካዝና ብር የጎደለ ያስመስላል። ፖስታ ቤቱ «ኮምፒውተር አይሳሳትም» አለና ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። ታሰሩ፣ ቤታቸውን ሸጡ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ፓርላማው ፍርዱን በጅምላ የሰረዘላቸው በ2024 ነው።

አውስትራሊያም «ሮቦዴት» የሚባል ታሪክ አላት። መንግሥት የድጎማ ተቀባዮችን ገቢ በኮምፒውተር አማካይ እያወጣ «በትርፍ ተከፍሏችኋል፣ መልሱ» ብሎ ለመቶ ሺዎች የዕዳ ደብዳቤ ላከ። ስሌቱ ሕገወጥ ሆኖ ተገኘ፤ በ2023 አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርቱን አወጣ። ያችው አውስትራሊያ ታዲያ የአካል ጉዳተኞች መድን ገንዘብ የሚዘርፉ አገልግሎት ሰጪዎችን የሚያሳድድ ልዩ ግብረ ኃይል በ2022 አቋቁማለች። ማጭበርበር እውነት ነው፤ መመርመር አለበት። ግን ምርመራው ራሱ ሰው እንዳይበላ።

እኛስ? ሰኔ 2015 ላይ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለታለመለት ሰው እየደረሰ አይደለም ብለው በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ለወራት ቆሞ፣ የተረጂዎች ምዝገባና ክትትል ተሻሽሎ ነው የቀጠለው። ሰረቁ የተባሉት ሌሎች ነበሩ፤ በእነዚያ ወራት ጾሙን ያደረው ግን ተረጂው ነው።

ስለዚህ የቡድን መሪ የመጀመሪያ ውሳኔ ይህ መሆን አለበት፦ ምርመራው እስኪያልቅ የማንም አካል ጉዳተኛ ክፍያ አይቆምም። የሚጠረጠር ሒሳብ ካለ የክፍያው መንገድ ይቀየር፤ በሰው ፊት፣ በእጅ ይሰጥ። ማቆም ግን የተሰረቀን ሰው ደግሞ መቅጣት ነው።

አካል ጉዳተኛን መጠየቅ ራሱ ሙያ ነው

ዓይነ ስውር እናት የምስክርነት ቃላቸውን ሰጡ፤ ተጻፈ፤ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። የተጻፈውን ማን አነበበላቸው? ተጠርጣሪው ሠራተኛ ከሆነስ? ትክክለኛው አሠራር እሳቸው የሚያምኑት ሰው ባለበት ጮክ ብሎ ማንበብና፣ ከተቻለ በፈቃዳቸው ድምፅ መቅዳት ነው።

መስማት ለተሳነው ሰው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። በገጠር ደግሞ ምልክት ቋንቋ ያልተማረ፣ ከቤተሰቡ ጋር በራሱ ምልክት ብቻ የሚግባባ ሰው ይኖራል። የሚያስተረጉመው ወንድሙ ከሆነና ብሩን የወሰደውም ወንድሙ ከሆነ? አስቡት።

ሌላው ምስጢር ነው። የተጠቃሚዎች ፋይል ውስጥ ማን ምን ሕመም እንዳለበት ተጽፏል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ብሎ ይለየዋል። የወረዳውን ዝርዝር ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ «ሌቦቹን እናጋልጥ» ብሎ መልቀቅ ሌባ ላያጋልጥ ይችላል፤ የመቶ ድሆችን የጤና ምስጢር ግን በእርግጥ ያጋልጣል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ፋይዳስ? ፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣ ሲሆን የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ምስልና የፊት ፎቶ ይወስዳል። የስም ድግግሞሹን ችግር በደንብ ያቃልላል። ግን ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ፤ ጣቱን በሕመም ያጣ፣ በእርሻ ብዛት አሻራው የተፋቀ አለ። እነዚህ ሰዎች ያላቸው ብቻ ተወስዶ መመዝገብ አለባቸው። «ማሽኑ አልቀበል አለ» ተብሎ የተመለሰ አካል ጉዳተኛ ካለ፣ ጥፋቱ የእሱ ጣት ላይ አይደለም።

ኔትወርክ በሌለበት

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በነበረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር እናንተም ታውቁታላችሁ። ይህም አሻራ ይለውጣል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ በወረቀት ይሠራል፤ ሲመለስ የወር ሥራ በአንድ ቀን ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ሎጉ የሚጽፈው መረጃው የገባበትን ሰዓት እንጂ ብሩ የተሰጠበትን ሰዓት አይደለም። በአንድ ከሰዓት 300 ክፍያ መግባቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ግን ወረቀቱ የት አለ? ፊርማው ይመሳሰላል? 300ው የጣት አሻራ የአንድ አውራ ጣት ነው ወይስ የ300 ሰው? ምርመራ እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጥያቄ ያነሳል፣ ወረቀቱና ሰው ይመልሳሉ።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

አያትህ፣ አክስትሽ፣ ጎረቤታችሁ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ከሆኑ፦

1. የክፍያ መልእክቱን አታጥፉ። ስክሪን ሾት ጥሩ ነው፤ ግን በቀላሉ ስለሚሠራ ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው። ዋናው ኤስኤምኤስ ስልኩ ላይ ይቆይ።

2. ደብተር ይኑራችሁ። በየወሩ፦ የደረሰበት ቀን፣ የብሩ መጠን፣ ያመጣው ሰው። ሦስት መስመር ትበቃለች። 6ኛውን ደረጃ የሚመዘግብ ብቸኛው «ሲስተም» ይህ ደብተር ነው።

3. ሒሳቡን አብራችሁ እዩ። ቴሌብር ከሆነ *127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ስማርት ስልክ ካላቸው አንድሮይድ ላይ «ቶክባክ» የሚባል ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ አለ፤ የአማርኛ ንባቡ በየስልኩ ስለሚለያይ መጀመሪያ ሞክሩት።

4. ፒን ለአንድ ሰው ብቻ። የሚያወጣላቸው ሰው ካስፈለገ በቀበሌው የታወቀ ወኪል ይሁን እንጂ አጠገብ የተገኘ ሁሉ አይሁን። ለብር አውጪው ወኪል ሱቅ ፒን መንገርማ በፍጹም።

5. ስልኩን «ሪሴት» አታድርጉ፣ ሲሙን አትጣሉ። ጥርጣሬ ካለ ስልኩ ራሱ ማስረጃ ነው።

6. ቶሎ አቤት በሉ። በሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ የቀበሌ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ መጀመሪያ እዚያ፣ ካልሆነ ወረዳ። በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀን ያለበት ኮፒ ይዛችሁ ተመለሱ። የወንጀል ጥርጣሬ ካለ ለፖሊስ። የ1 ዓመቷን ነገር አትርሱ።

7. ስም አትጥፉ። ጎረቤቱ ደጉ ሰውዬ ሊሆን ይችላል።

ወደ እማማ እንመለስ

በምሳሌያችን ላይ የልጅ ልጁ የወረዳውን መልስ ሰምቶ «እንግዲህ ኮምፒውተሩ ተከፍሏል ካለ…» ብሎ ቢተወው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። «የተከፈለበትን ቀን፣ ሰዓትና ብሩ የወጣበትን ቦታ በወረቀት ስጡኝ» ቢል ግን ሌላ በር ይከፈታል። ያቺ ወረቀት ከአያቱ ደብተር ጋር ጎን ለጎን ስትቀመጥ ምርመራው ተጀምሯል ማለት ነው፤ ሃሹም፣ ዲስኩም፣ ኢንሳም የሚመጡት ከእሷ በኋላ ነው።

ዛሬ ማታ ቤት ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «እማማ፣ የዚህ ወሩ ደረሰዎት?»

መልሱን ጻፉት። ቀኑንም።